ለአትላንቲክ ክፍለ ግዛቶች የባሕር ዓሣ ሀብት ኮሚሽን፦ ከዊክፊሽ «አንድ ዓሣ» ሕግ በኋላስ?

ይድረስ፦ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ለሚገኘው የአትላንቲክ ክፍለ ግዛቶች የባሕር ዓሣ ሀብት ኮሚሽን

ግልባጭ፦ ለሜሪላንድ፣ ለቨርጂኒያና ለደላዌር የዓሣ ሀብት ቢሮዎች፤ እንዲሁም ፒር (ወደ ውሃው የገባ የማጥመጃ መድረክ) ላይ ለምንገናኝ ወገኖቼ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛ ስለማልችል አይደለም። ከቢሮአችሁ ወጣ ብላችሁ ትንሽ ብትነዱ አማርኛ የሚናገር ባለ ሱቅ፣ ባለ ምግብ ቤት፣ ነርስ፣ ሹፌር ታገኛላችሁ። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያገሬ ሰው ያልገባበት ሠፈር የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ ሰው መሀል ቅዳሜ ሲደርስ ዘንጉንና ኩለሩን መኪናው ላይ ጭኖ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚወርደው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። እናንተ የምታወጡት ሕግ እኛንም ይመለከታል። ስለዚህ ደብዳቤው እናንተ ጋ ከመድረሱ በፊት እነሱ እንዲያነቡት ፈለግኩ። እናንተ ዘንድ የሚተረጉም ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ።

የምጽፈው ስለ ዊክፊሽ ነው።

ለማታውቁት ወገኖቼ ትንሽ ልበል። ቨርጂኒያና ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ግሬይ ትራውት ይሉታል። ደላዌር ከ1981 ጀምሮ የክፍለ ግዛቷ ዓሣ አድርጋዋለች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ቀጠን ረዘም ያለ ዓሣ ነው። ጀርባው ላይ ደቃቅ ጥቋቁር ነጠብጣብ አለው። ገና ከውሃ ሲወጣ ብርሃን ካረፈበት ሐምራዊና አረንጓዴ ሆኖ ያብረቀርቃል። ክንፎቹ ወደ ቢጫ ያደላሉ። ከላይኛው መንጋጋው ፊት ሁለት ሹል ጥርሶች አሉት፤ ስለዚህ ጣታችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ። ስሙ ሲፈታ «ደካማ ዓሣ» ማለት ነው። እንዲህ የተባለው በአፉ ምክንያት ነው። የአፉ ሥጋ ስስ ስለሆነ ክሩን በጉልበት የሳበ ሰው መንጠቆውን ብቻ ይዞ ይቀራል። ዊክፊሽ የሚወጣው ቀስ ብለው ሲስቡት ነው።

ደግሞ ይጮኻል። ወንዱ እንቁላል በሚጣልበት ወቅት የሆዱን የአየር ከረጢት በጡንቻው እየደበደበ የከበሮ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። እኔ መጀመሪያ ስሰማው ዓሣው እጄ ላይ ነበር። ደንግጬ ልጥለው ምንም አልቀረኝም።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ቆሮሶን ከአምባዛ ለመለየት አስተማሪ አያስፈልገውም። ጨዋማ ውሃ ግን ለእኔ አዲስ ነበር። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፖይንት ሉክአውት ወሰደኝ። ፖቶማክ ዲሲን አልፎ፣ እየሰፋ ወርዶ፣ ከቼሳፒክ ጋር የሚገናኝበት የሜሪላንድ ጫፍ ነው። ድልድይ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጬ በየቀኑ የማየው ወንዝ እዚያ ሲደርስ ማዶው በጭንቅ ነው የሚታየው። የመጀመሪያ ዊክፊሼን ያወጣሁት እዚያው ነው። መስከረም ነበር፤ መሸት ብሏል። ዓሣው ከክንዴ በጣም ያጠረ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ትልቅ ነገር ፎቶ ተነሳሁ።

አጠገቤ ዕድሜያቸው ሰማንያ የሚጠጋ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ወንበር ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ፎቶውን ሳነሳ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ በሁለት እጃቸው ለኩ። «እኛ በልጅነታችን ደላዌር ቤይ ላይ ይህን የሚያህል ነበር የምናወጣው» አሉኝ። በሁለቱ እጆቻቸው መሀል ያለው ክፍተት የእኔን ዓሣ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ለትልልቆቹ የተለየ ስም እንኳ ነበራቸው፤ ታይድ ረነር ይሏቸው ነበር።

መጀመሪያ የአጥማጅ ወሬ ነው ብዬ ነበር። አልነበረም። በ1980ዎቹ ከኒውዮርክና ከደላዌር ቤይ ከ19 ፓውንድ በላይ የሚመዝን ዊክፊሽ ወጥቶ ተመዝግቧል። በ1980 ለንግድ ብቻ የተያዘው 36 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ሽማግሌው በእጃቸው የለኩልኝ ያንን ዘመን ነው። እኔ የማውቀው የተረፈውን ብቻ ነው። ልጄ ደግሞ ከእኔም ያነሰውን ያውቃል። ባለፈው ዓመት 13 ኢንች የሞላ አንድ ዊክፊሽ አውጥቶ «አባ፣ ጃየንት ነው!» ብሎ ጮኸ። አላረምኩትም። ደስታውን ላበላሽበት አልፈለግኩም። ወደ ቤት ስንነዳ ግን መንገዱን ሙሉ ከራሴ አልወጣ አለ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

የራሳችሁ ግምገማዎች ነገሩን በግልጽ አስቀምጠውታል። በ2019 ባወጣችሁት መሠረት እንቁላል ለመጣል የደረሱት ዊክፊሾች ክብደት በ2017 በድምሩ 4.24 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ከዚህ በታች መውረድ የለበትም ብላችሁ ያሰመራችሁት መስመር ደግሞ 13.6 ሚሊዮን ፓውንድ ነው። ከአንድ ሦስተኛ በታች ማለት ነው። ከዚያ በፊት የወጣው የ2016 ግምገማም ክምችቱ ለ13 ዓመታት ያህል ተመናምኖ መቆየቱን ነግሮን ነበር።

እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀምጣችኋል አልልም። በ2009 ከባድ ውሳኔ ወስናችኋል። ለመዝናኛ የሚያጠምድ ሰው በቀን አንድ ዓሣ ብቻ እንዲይዝ፣ ለንግድ የሚያጠምድ ደግሞ በአንድ ጉዞ ከ100 ፓውንድ እንዳያልፍ አደረጋችሁ። ትክክል ነበር። አንድ ዓሣ ለመያዝ ሁለት ሰዓት የሚነዳ ሰው ሲያማርር ሰምቻለሁ። እኔ ግን አላማረርኩም። ዛሬም አላማርርም፤ ሕጉም እንዲነሳ አልጠይቅም።

የሚያሳስበኝ ከሕጉ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው።

የ2016ቱን ግምገማ ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በማጥመድ ሳይሆን በሌላ ምክንያት የሚሞተው ዊክፊሽ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ እየጨመረ ነው ይላል። ባለሙያዎቹ በቁጥር ሲያስቀምጡት በ1980ዎቹ መጀመሪያ 0.16 ገደማ የነበረው መጠን ከ2007 እስከ 2014 ባለው ጊዜ በአማካይ 0.93 ደርሷል። ይህ ቁጥር ለእኔ ዓይነቱ ሰው ምንም አይነግርም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ወደ ተራ ሂሳብ መለስኩት። ማንም ሳያጠምዳቸው፣ ድሮ ከ100 ዊክፊሽ በዓመት ውስጥ 15 ያህሉ ይሞቱ ነበር። አሁን 60 ያህሉ ይሞታሉ። ስድሳ! እኔ ፒር ላይ ቆሜ አንዱን ብመልስ፣ ጎረቤቴም አንዱን ቢመልስ፣ ከመለስናቸው አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላ ይሞታሉ ማለት ነው።

ምን እየገደላቸው ነው? ባለሙያዎቻችሁ ራሳቸው ብዙ ነገር ጠርጥረዋል። ሮክፊሽ (ስትራይፕድ ባስም የሚሉት ትልቅ ዓሣ) እና ዶግፊሽ የሚባለው ትንሽ ሻርክ ይበሏቸው ይሆናል ተብሏል። ምግብ አንሶባቸው ይሆናል ተብሏል። የውቅያኖሱ ሙቀት በየአሥርት ዓመቱ ከፍና ዝቅ ማለቱም ተነስቷል። እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም፤ ከመሀላቸው አንዱን አልመርጥም። አንድ ነገር ግን ይገባኛል። ችግሩ ከመንጠቆ ውጭ ከሆነ፣ መንጠቆ ላይ ብቻ የተጣለ ሕግ ብቻውን ዓሣውን አይመልሰውም።

ሮክፊሽን አስታውሱ። ሜሪላንድ በ1985 ሮክፊሽ ማጥመድን ሙሉ በሙሉ ከልክላ እስከ 1990 ዘጋች። በ1995 እናንተ ዓሣው አገግሟል ብላችሁ አወጃችሁ። እዚህ አገር ስለ ዓሣ ጥበቃ ሲወራ መቼም የማይቀር ታሪክ ነው፤ ይገባዋልም። ያኔ ዓሣውን የሚጨርሰው በዋናነት አጥማጁ ስለነበር አጥማጁ እጁን ሲሰበስብ ዓሣው ተመለሰ። ዊክፊሽ ግን ከ2009 ወዲህ እጃችንን ሰብስበንም አልመጣም። ይህ ልዩነት ራሱ ሌላ ዓይነት ሥራ የሚጠይቅ ይመስለኛል።

ያ ሥራ ከየት ሊጀምር ይችላል? ሁለት ቦታ ላይ ጣቴን ልጠቁም።

አንደኛው ሽሪምፕ የሚይዙ መርከቦች የሚጎትቱት መረብ ነው። ዊክፊሽ ከጸደይ እስከ በጋ ወንዝና ባሕር በሚገናኙባቸው ቦታዎች እንቁላል ይጥላል። ጫጩቶቹ የሚያድጉት እዚያው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ነው። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ፓምሊኮ ሳውንድ የሚባለው ሰፊ የውስጥ ውሃ ከነዚህ ማሳደጊያዎች አንዱ ነው። የሽሪምፕ መረብም የሚጎተተው እዚያው ነው። መረቡ ሽሪምፑን ብቻ መርጦ አያነሳም። ክሮከርና ስፖት የሚባሉት ዓሦች፣ የጣት ርዝመት ያለው ዊክፊሽም አብሮ ይወጣል። ዓሦቹ የሚያመልጡበት ቀዳዳ ያለው መሣሪያ መረቡ ላይ እንዲገጠም መደረጉን አውቃለሁ፤ ትልቅ እርምጃ ነው። አሁን ደግሞ ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ሽሪምፑ ወደ ሰሜን እየወጣ ነው፤ ቨርጂኒያም ማጥመድ ጀምራለች። የሽሪምፕ አጥማጁ ቤተሰብ እንዳለው አልረሳም። እንጀራው ይዘጋ አላልኩም። ነገር ግን አዲስ ሥራ በአዲስ ቦታ ሲከፈት፣ አብረው ስለሚወጡት ጫጩቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቆጠራ መኖር አለበት። መረቡ ከበዛ በኋላ መቁጠር መጀመር ዘግይቶ መንቃት ነው።

ይህን ስጽፍ ጣና ፊቴ ላይ ይመጣል። እኛ ልጆች ሳለን ዓሣ የሚይዘው በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ነበር። በ1986 ሞተር ጀልባና ረጅም የናይለን መረብ መጣ። ብዙ ሰው ሥራ አገኘ፤ ከተማችንም ዓሣ ጠገበች። ግን በጣና ብቻ የሚገኙት ዓሦች እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞቹ የሚወጡበት ወቅት አለ። መረቡ የጠበቃቸው ወንዙ አፍ ላይ ነበር። አሥር ዓመት ከምናምን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በጣም ተመናመኑ። ጣና ሌላ ነው፣ ቼሳፒክ ሌላ። ሆኖም ዓሣ በሚራባበትና በሚያድግበት ቦታ ላይ መረብ ሲጠብቀው ምን እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ምግባቸው ነው። በ2020 ሜንሃደን የምትባለውን ትንሽ ዓሣ በተመለከተ ጥሩ ነገር አደረጋችሁ። ስንት ይያዝ ብቻ ሳይሆን፣ እሷን ለሚበሉት ዓሦች ስንት ይቅር ብላችሁ ማስላት ጀመራችሁ። ስሌቱ ውስጥ ከገቡት በሊታዎች አንዱ ዊክፊሽ ነው። እንግዲያው መንገዱን ታውቁታላችሁ። ያንኑ ዓይን አዙሩትና ዊክፊሽ ላይ አሳርፉት። ማን ይበላዋል? እሱስ ምን አጣ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ የተመደበ ገንዘብና ሰው ይኑር። ዊክፊሽ ብዙ ስለማይያዝ ገንዘብ አያመጣም፤ ገንዘብ ስለማያመጣ ማንም አይጮህለትም። እኔ የምጮኸው ለዚህ ነው።

አሁን የቀረኝ የፒሩ ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የማውቀው ይህን ነውና።

ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ ወር አንዲት ወጣት ታብሌት ይዛ ፒሩ ላይ እየዞረች አጥማጁን ትጠይቅ ነበር። ምን ያዝክ፣ ስንት መለስክ፣ ስንት ሰዓት ቆየህ። የእናንተ ግምገማ የሚሠራበት ቁጥር ከዚህ ዓይነት ጥያቄ እንደሚነሳ አውቅ ስለነበር ደስ ብሎኝ መለስኩላት። ከእኔ አልፎ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ልጃቸው ጋ ከመጡ ሁለት ዓመት አይሆናቸውም። ጠየቀቻቸው። ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አልገባቸውም። እሷም አመስግና አለፈች። የእሳቸው ባልዲ ውስጥ አምስት ዓሣ ነበረ። እኔ ዓሣ እየሳብኩ ስለነበር ሳልደርስላቸው ቀረሁ። አምስቱም ሳይቆጠሩ ቀሩ።

ከአምስቱ ሁለቱ ትንንሽ ዊክፊሽ ነበሩ፤ ጋሼ ግን «ስፖት» ነው ብለው አስበዋል። ተቆጣጣሪ በዚያ ሰዓት ቢደርስ ይቀጧቸው ነበር። ሌላ ቦታ አንድ አባት በዚሁ ምክንያት ተቀጥተው አውቃለሁ። ወረቀቱን ይዘው ቤቴ ድረስ መጡና «ልጄ፣ ምን በደልኩ?» አሉኝ። ምልክቱ ከቆሙበት አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ተጽፏል። አላነበቡትም፤ ማንበብ አይችሉምና። እኒህ ሰው ሕግ ለመጣስ የሚወጡ ሰው አይደሉም። የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቢሮዎቹ ላያውቁት ይችላል። ብዙዎቻችን በሃይማኖታችን ምክንያት ቅርፊት የሌለው ዓሣ አንበላም። አምባዛ ቤታችን አይገባም። ቼሳፒክን አሁን ያጥለቀለቀው ብሉ ካትፊሽ ደግሞ ቅርፊት የለውም። በ1970ዎቹ ለመዝናኛ ተብሎ ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀ ዓሣ ነው፤ ዛሬ ክራቡንም ትንንሹንም ዓሣ እየበላ ስላስቸገረ «የፈለጋችሁትን ያህል ያዙ» ይባላል። ምክሩ ጥሩ ነው። ለእኛ ሰው ግን አይሠራም። እኛ የምንሄደው ቅርፊት ወዳለው ነው፤ ወደ ፐርች፣ ወደ ስፖት፣ ወደ ክሮከር፣ ወደ ዊክፊሽ። ስለዚህ ዊክፊሽን የሚመለከት መልእክት ከሌላው ሰው በበለጠ ለእኛ መድረስ አለበት።

የምጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ በቋንቋ ተደራሽነት ሕጓ አማርኛን ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጋለች። ከዲሲ ሁለት ሰዓት ርቀት ላይ ያለ ፒር ይህን ማድረግ አያቅተውም። የዓሣው ሥዕል፣ ከሌሎቹ የሚለይበት ምልክት፣ የርዝመቱ ልክ፣ «አንድ» የሚለው ቁጥር፤ በአንድ ሰሌዳ ላይ፣ በአማርኛ። የሚቆጥሩት ልጆች ደግሞ አንድ ገጽ የአማርኛ ጥያቄ ይያዙ። ጋሼ በጣታቸው አምስት ብለው ያሳያሉ፤ ሥዕሉን አይተውም የትኛው እንደሆነ ይጠቁማሉ። ያኔ የእኛም ባልዲ ይቆጠራል።

ወገኖቼ፣ ለእናንተም አንድ ሁለት ነገር ልበል።

ሜሪላንድና ደላዌር ውስጥ ዊክፊሽ 13 ኢንች ካልሞላ ይመለሳል። ቨርጂኒያ ውስጥ 12 ኢንች ነው። በሦስቱም አንድ ሰው በቀን አንድ። ሕጉ ሊቀየር ስለሚችል ከመውጣታችሁ በፊት አረጋግጡ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ በዓይን ግምት አትለኩ። ዊክፊሽንና ስፖትድ ሲትራውትን ለመለየት ጅራቱን እዩ። ጅራቱና የጀርባ ክንፉ ላይ ክብ ክብ ጥቁር ነጥብ ካለ ሲትራውት ነው፤ ንጹሕ ከሆነ ዊክፊሽ ነው። የምትመልሱትን እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙ፤ ፒሩ ወለል ላይ አታንከባልሉት፤ ከከፍታ አትወርውሩት። የምትወስዱትን ወዲያው በረዶ ውስጥ አስገቡ። ሥጋው ስስ ስለሆነ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል፤ አንድ ብቻ ተፈቅዶልን እሱንም ማበላሸት ግፍ ነው። ደግሞ አጠገባችሁ እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ካለ ቆጣሪዋ ስትመጣ አስተርጉሙለት። እኔ ያን ቀን ሳላደርገው የቀረሁት እስካሁን ይቆጨኛል።

የተከበራችሁ የኮሚሽኑ አባላት፣ ሰሌዳውን ለማዘጋጀት ትርጉሙን በነጻ እሠራለሁ። ጽሑፉን የሚያርሙ ሁለት ጓደኞቼም ፈቃደኞች ናቸው። ስብሰባችሁ ለሕዝብ ክፍት መሆኑን አውቃለሁ፤ በሚቀጥለው የዊክፊሽ ስብሰባ ላይ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። የሚጠይቃችሁን ጥያቄ ከአሁኑ ነግሮኛል። ሽማግሌው በእጃቸው የለኩት ዓሣ መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ ማወቅ ይፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቼሳፒክ አጥማጅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ